በያይነቱ በሹካ?

ዛሬ ምሳ ሰዓት ፒያሳ በያይነቱ በሹካ ሲበላ አየሁ። ኧረ ተዉ! ሹካ እንጀራውን ይበሳዋል እንጂ ወጡን አይጠቀልልበትም፤ ሽሮው መንገድ ላይ ይቀራል።

እጅ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ይታጠብ። ከዚያ ከፊት ለፊታችሁ፣ ከጠርዙ ጀምሩ። በቀኝ እጅ ብቻ፦ በቀለበትና በትንሿ ጣት ተጭኖ፣ በአውራና በሌባ ጣት መቅደድ። ቁራሹ ከሦስት ጣት ስፋት ካነሰ ጣት ወጥ ውስጥ ይገባል። ዓይናማው ፊት ወደ ወጡ ይሁን፤ ወጡን የሚይዘው እሱ ነው። የደረቀ ጠርዝ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ለቀጭን ሽሮ፣ ወጥ የነካው የእንጀራው መሃል ይሻላል።

ክትፎ በማንኪያ ቢበላ ግን አልከራከርም፤ ቅቤው ጣት ላይ ይረጋል። ሚጥሚጣ የነካ እጅ ደግሞ ዓይን አካባቢ እንዳይደርስ፤ የሚያቃጥለውን ቅባት ውኃ ብቻውን አያስለቅቀውም።