ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ፦ ኮምፒውተሬን ራሴ ስገጥም ያንገበገበኝ ነገር

አዲስ የገጠማችሁት ኮምፒውተር ፋኑ እየዞረ፣ መብራቱ እየበራ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም ካልመጣና አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» ካላችሁ፣ ቦርሳችሁን ገና አትክፈቱ። አዲስ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ በራሱ የሚቃጠለው ከስንት አንዴ ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ብዙ ተንከራትቻለሁ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ሥራዬ የሠርግና የልደት ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ላፕቶፔ 4ኬ ቪዲዮ ሲጫንበት እንደ ፕሪመስ ይጮሃል፣ ከዚያ ይዘጋል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ልገጥም ወሰንኩ። ፕሮሰሰሩን፣ ራይዘን 5 5600ን፣ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞልኝ መጣ። ግራፊክስ ካርዱን ከጓደኛዬ ያገለገለ ገዛሁ። ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ)፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን)፣ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይና ሁሉም የሚገባበትን ኬዝ እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ወሰድኩ። ማዘርቦርዱ ቢ450 የሚባለው ነው። ርካሽ ነው፣ ለኔ ሥራ ይበቃል።

መገጣጠሙ ራሱ ከባድ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር ታገጣጥሙና ሳትጫኑ ታስቀምጡታላችሁ። ራሙ ሁለት ፍሬ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ይገባል። ቀጭ እስኪል ተጫኑት። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ ሙቀት አስተላላፊው ቅባት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። እሱን ለማሰር ቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት ፕላስቲኮች ስትፈቱ ከጀርባ ያለችው ብረት ዱብ ትላለች፣ በአንድ እጃችሁ ያዟት። ባለ 24 ፒኑ ገመድ ከጎን፣ ባለ 8ቱ ከላይ ጥግ ላይ። በቃ። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ከራት በፊት ጨረስኩ፣ በአንድ ካቻቢት።

ቁልፉን ስጫን ፋኖቹ ዞሩ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሞኒተሩ «ኖ ሲግናል» ብሎ ተኛ። ቦርዱ ጠርዝ ላይ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሉ፤ አንዱ ለፕሮሰሰር፣ አንዱ ለራም፣ አንዱ ለግራፊክስ፣ አንዱ ለዲስኩ። የፕሮሰሰሩ ቀይ በርቶ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ሁሉንም ነገር ይነቃቅላል። ተረጋጉ። መጀመሪያ የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑን እዩ። 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ስለዚህ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ምንም አያወጣም። 5600ጂ ከሆነ ግን አለው። በአንዲት ፊደል ምክንያት ስንቱ ሌሊቱን እንዳላነጋ ፈጣሪ ይወቀው። ቀጥሎ ያ ባለ 8 ፒን ገመድ። እሱ ሳይሰካም ፋኑ ይዞራል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ጉልበት አያገኝም። ቀጥሎ ራሙን አንድ አንድ እያደረጉ መሞከር። ቀጥሎ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ ያችን ክብ የሰዓት ባትሪ የመሰለች ነገር ትንሽ ደቂቃ አውጥቶ መመለስ፤ ባዮሱ፣ ማለትም የቦርዱ የራሱ ፕሮግራም፣ ወደ መጀመሪያው ቅንብር ይመለሳል። ሁሉንም አደረግኩ። ቀዩ መብራት አልነቃነቅ አለ።

ከዚያ ቦርዱን ከኬዙ አወጣሁት። መመሪያዎቹ ይህን መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፉት። በኔ አስተያየት ገና ኬዙ ውስጥ ሳይገባ መጀመሪያ መደረግ ያለበት እሱ ነው። ቦርዱን የመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡት፤ ያ ብርማ ፕላስቲክ ላይ አይደለም፣ እሱ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፕሮሰሰር፣ አንድ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ሌላ ምንም። የማብሪያው ገመድ የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢት ጫፍ ለቅጽበት ታነካካላችሁ፣ ይነሳል። የሰውነት ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ ስለሚታሰረው የእጅ ማሰሪያ ብዙ ይወራል። እኔ አልገዛሁም። የፓወር ሰፕላዩን ብረት እየነካሁ ሠራሁ፣ ምንም አልሆነም።

ካርቶን ላይም ያው ነው። ቀይ። እንግዲህ ኬዙም፣ ብሎኑም፣ የፊት ገመዶቹም ነጻ ወጡ። ቦርዱን ከነፕሮሰሰሩ ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

የሱቁ ነገር ነው ዋናው።

ገና ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥ ሻጩ ልጅ «ማነው የገጠመልሽ?» አለኝ። «ራሴ ነኝ» አልኩት። ዕቃ ሊሸከምልኝ የመጣውን ወንድሜን አየው። ወንድሜ ካቻቢት በእጁ ይዞ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን ማብራሪያ በሙሉ ለወንድሜ ነበር የሚሰጠው፣ እሱም አንገቱን ይነቀንቅለታል።

ቴክኒሻን ተብሎ የተጠራው ሰውዬ መጣ። የራሱን ራም ሰካ፣ አበራ፣ ቀይ። ሌላ ራም፣ ቀይ። «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል። የዱባይ ዕቃ እንዲህ ነው» አለ። ፕሮሰሰሩን አውጥቶ ፒኖቹን እንኳ አላየም። ሌላ ፕሮሰሰር እንዳላቸው፣ ለኔ ቅናሽ እንደሚያደርጉልኝ ሻጩ ጨመረልኝ። «የቦርዱ ባዮስ ስንተኛ ቨርዥን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «አይዞሽ እህቴ፣ ባዮሱ አዲስ ነው። ዕቃው እኮ ላስቲኩ ያልተከፈተ ነው።»

ችግሩ ይኸው ነበር። ላስቲኩ አለመከፈቱ! ባዮስ ማለት ቦርዱ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው፣ «ይህ ፕሮሰሰር እገሌ ነው» ብሎ የሚያውቀው ፕሮግራም ነው። ቢ450 ቦርዶች ገበያ ላይ የወጡት በ2018 ነው በፈረንጆች። 5600 የወጣው በ2022። ሶኬታቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ኤኤም4፣ ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ግን መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ቦርድ ውስጥ ያለው ባዮስ የተጻፈው ይህ ፕሮሰሰር ከመሠራቱ በፊት ነው። አያውቀውም። ስለማያውቀው ፋን ከማዞር በቀር ምንም አያደርግም።

ይህንን ስነግረው ሻጩ ስልኩን አወጣና የአምራቹን ገጽ ከፈተ። «ይኸው፣ 5600 ይላል። ይቀበላል ማለት ነው።» እውነቱን ነው፣ ይላል። ስልኩን ከእጁ ተቀብዬ አግድም አዞርኩት። ያኔ በስተቀኝ ተደብቆ የነበረው ዓምድ ወጣ፤ ከየትኛው የባዮስ ቨርዥን ጀምሮ እንደሚቀበል የሚገልጸው። ከዚያ ቦርዱ ላይ፣ ባዮሱ ያለባት ቺፕ ላይ የተለጠፈችውን ጥፍር የምታህል ወረቀት አሳየሁት። ቁጥሩ ከሚፈለገው በብዙ ያነሰ ነው። ልጁ ሁለቱን እያየ ዝም አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ከፈታሽው በኋላ ዋስትና የለውም።»

ባዮሱን አድሱልኝ አልኩ። ይቻላል፣ ግን በክፍያ ነው፣ የሚሠራው ልጅ ደግሞ የለም፣ ቦርዱን ትተሽ ሂጂ አሉኝ። አልተውኩም። «ተቃጥሏል» ያለኝ ሰው ጋር ዕቃዬን ጥዬ የምሄደው ምን ሆኜ ነው?

ውድ የሆኑት ቦርዶች ጀርባቸው ላይ ባዮስ ማደሻ ቁልፍ አላቸው። ፍላሽ ሰክታችሁ ስትጫኑት ፕሮሰሰር ሳይኖርም ይታደሳል። የኔው ርካሹ የለውም። እንግዲህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ አሮጌው ባዮስ የሚያውቀው ፕሮሰሰር ተውሶ በእሱ ማስነሳት።

ሰፈራችን ጌም ቤት ያለው ልጅ ራይዘን 5 2600 እንዳለው አውቃለሁ። ደንበኛ ሳይመጣ ጠዋት እንዲያውሰኝ ለመንኩት። «ፒን ከታጠፈ ትከፍያለሽ» አለኝ፣ እውነቱን ነው። የኤኤም4 ፕሮሰሰር ፒኖቹ ያሉት ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት፣ የደረቀው ቅባት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ማሽኑን መጀመሪያ ትንሽ ጌም አጫወትነው፣ ቅባቱ ሞቀ። አጥፍተን ብሎኖቹን ፈታን፣ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያልኩ አሽከረከርኩት፣ ከዚያ ብቻ ነው ያነሳሁት። በሰላም ወጣ።

2600ን ቦርዴ ላይ ስሰካ ወዲያው ተነሳ። «ተቃጥሏል» ያለው ሰውዬ ቢያይ ብዬ ተመኘሁ።

አሁን የሚያስፈራው ክፍል። የአምራቾቹ መመሪያ «ችግር ከሌለብህ ባዮስ አትንካ» ይላል። ምክንያቱም እየተጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ቦርዱ ጨርሶ ሊሞት ይችላል። የኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ተዋስኩ። ባለቤቱ «ሞኒተር እንዳትሰኪበት፣ ጉልበት የለውም» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሞኒተሩን ግድግዳው ላይ ሰካሁት። አዲሱን ባዮስ ከአምራቹ ገጽ አወረድኩ፣ ፍላሹን ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት አደረግኩ፣ ፋይሉን ገለበጥኩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንዳንድ ቦርድ ከአሮጌው በቀጥታ ወደ መጨረሻው አይዘልም፣ መሃል ላይ ያለ ቨርዥን መጀመሪያ ይፈልጋል። ከማውረዳችሁ በፊት ከፋይሉ ጎን የተጻፈውን ማብራሪያ አንብቡ።

ማደስ ጀመርኩ። ፐርሰንቱ መሃል ሲደርስ መብራት ሄደ።

ዩፒኤሱ ጮኸ። ሞኒተሩ ድርግም አለ። ኮምፒውተሩ ግን ፋኑ ይዞራል። ያለቀ ይሁን፣ የቆመ ይሁን፣ ምንም አላይም። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቁጭ አልኩ፤ እንዲህ ሲሆን ሰው ሳያስበው ቁልፍ ይጫናል። የዩፒኤሱ ጩኸት ፈጠን ፈጠን ሲል፣ ፋኑ ጸጥ ብሎ እንደገና ተነሳ። የፕሮሰሰሩ ቀይ መብራት ቦግ ብላ ጠፋች። ያኔ ነው የተነፈስኩት። የባለ ፎቶ ኮፒውን ምክር ግን አትስሙ። ዘመናዊ ሞኒተር የሚበላው መብራት ትንሽ ነው፣ ዩፒኤሱ ላይ ስኩት።

መብራት ሲመጣ ቨርዥኑን አረጋገጥኩ፣ 2600ን አውጥቼ 5600ን አስገባሁ። አዲስ ፕሮሰሰር መግባቱን የሚገልጽ፣ ዋይ ወይም ኤን ተጫኑ የሚል ጽሑፍ መጣ። አዲስ ማሽን ላይ ከሆናችሁ አትደንግጡ፣ ዋይ በሉት። ዲስኩ ላይ የተቆለፈ ዳታ ካላችሁ ግን የመክፈቻውን ቁልፍ ሳትይዙ እንዳትነኩ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብቼ የራሙን ፍጥነት አስተካከልኩ። 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ካልነገራችሁት በቀር ዝግ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ኤክስኤምፒ የሚለውን ማብራት ነው። ዊንዶውሱ ያለ ችግር ተጫነ።

አሁን ለምትገዙት። ፕሮሰሰሩን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና ቦርዱ ከናንተው ፕሮሰሰር ጋር ዓይናችሁ እያየ ይነሳ። «ላስቲኩ ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ። ሳጥኑ ላይ ለራይዘን 5000 ዝግጁ ነው የሚል ምልክት ያለበት ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ባዮስ ማደሻ ቁልፍ ያለው ቦርድ ግዙ፤ መብራት ያለበትን ኬዝና ባለ ቀለም ፋን ተዉት፣ ልዩነቱን ለዚህ አውሉት። የኤኤም4 ተከታይ የሆነውን ኤኤም5 የምትገጥሙ ከሆነ ነገሩ ይለያል። አዲሱ ራም መጀመሪያ ሲበራ ራሱን እስኪያስተካክል ስክሪኑ ለብዙ ደቂቃ ጨለማ ሊሆን ይችላል። በመሃል አጥፍታችሁ አትነቃቅሉት። አብሩትና ቡና አፍሉ።