የረቡዕ ሥጋ፦ ምርጫን ያለ አእምሮ ለመለካት የሞከርኩበት ጊዜ

ለሁለተኛ ዲግሪ የኢኮኖሚክስ መመረቂያ ጽሑፌ፣ ሐዋሳ ውስጥ የሰፈሬ ሰዎች ዓሣና ሥጋ ሲገዙ ምርጫቸው እርስ በርሱ ይጣጣም እንደሆነ ለመፈተሽ ስነሳ፣ ስለ ሰው አእምሮ አንዲት ቃል እንደማልጽፍ እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲያውም ርእሱን የወደድኩት ለዚህ ነበር። ማን ምን እንደሚሰማው መጠየቅ አይጠበቅብኝም፤ ማን ምን በስንት ብር እንደገዛ መመዝገብ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ይህ አመለካከት ከእኔ የመነጨ አልነበረም። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1871 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዋጋን ምንነት ከደስታና ከሕመም ተነሥቶ ሊያብራራ ሞክሯል፤ ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ ደግሞ በ1881 ደስታን ልክ እንደ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ እስከማሰብ ደርሷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ግን በእጅ ስላልገባ፣ ፖል ሳሙኤልሰን በ1938 ነገሩን ገለበጠው፦ የሰውን ውስጥ ትተን ድርጊቱን ብቻ እንይ አለ። ሸማቹ ሁለቱንም መግዛት እየቻለ ከዓሣ ይልቅ ሥጋ ከመረጠ፣ ሌላ ጊዜ ሥጋው በአቅሙ ሥር እያለ ዓሣውን መምረጥ የለበትም። ይህን ደንብ ያላፈረሰ ሸማች ምርጫው ወጥ ነው ይባላል፤ በልቡ ያለው ምንም ይሁን ምን ለኢኮኖሚስቱ ጉዳዩ አይደለም። እኛ ተማሪዎቹም ይህን የሰማነው ሙያው ከጥንቆላ የተላቀቀበት ቀን ያህል ተደርጎ ነው።

ከእድራችን አባላት ፈቃደኛ የሆኑት የገዙትን በየቀኑ በደብተር እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። የዓሣውን ዋጋ እኔው ራሴ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ወርጄ፣ የሥጋውን ደግሞ ከሰፈሩ ሥጋ ቤቶች እየጠየቅሁ መዘገብሁ። ደብተሮቹን ሰብስቤ ስፈትሽ ደንቡን ያላፈረሰ ቤት ፈልጌ ማግኘት ቸገረኝ። ዋጋው ፈቀቅ ሳይል፣ ገቢያቸውም ሳይለወጥ፣ ማክሰኞ ሥጋ የገዙ ሰዎች በማግሥቱ ዓሣ ይገዛሉ፤ ሐሙስ እንደገና ወደ ሥጋው ይመለሳሉ። የሰፈሬ ሰው በሙሉ ምርጫው የተዛባ ነው የሚል ምዕራፍ ለመጻፍ ስሰናዳ አማካሪዬ ሰንጠረዡን አየና ሳቀ። «ቀኑን አላየኸውም? ረቡዕ እኮ ነው» አለኝ።

የጾም ቀን መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እኔም ረቡዕና ዓርብ ጿሚ ነኝ። የሠራሁበት ዘዴ ግን የማውቀውን እንድጠቀምበት ቦታ አልሰጠኝም ነበር። መፍትሔው ቀላል መሰለኝ፤ የረቡዕን ሥጋና የማክሰኞን ሥጋ እንደ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ቆጠርኋቸው። ሰንጠረዡ ወዲያው ተስተካከለ፤ እኔም ለጥቂት ቀናት ተደሰትሁ። ደስታዬን ያደፈረሰው የአንድ ጴንጤ ጎረቤቴ ደብተር ነው፤ ለእርሱ ረቡዕ እንደማንኛውም ቀን ስለሆነ ዕቃውን ለሁለት መክፈሌ ትርጉም አልነበረውም። በጾም ዓሣም አይበላም ብለው የሚያምኑ አንዲት እናት ደግሞ ነበሩ (ይህ ክርክር በየቤቱ አለ፤ እዚህ አልገባበትም)፤ በእርሳቸው ቤት ለሁለት መከፈል የነበረበት ሥጋው ብቻ ሳይሆን ዓሣውም ነው። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብለው ከናካቴው የማይነኩም አሉ፤ ለእነርሱ «ዓሣ» ያልኩት አምድ ራሱ ሁለት አምድ መሆን ነበረበት። እንግዲህ ዕቃን በቀን መክፈል ከተፈቀደልኝ በሰዓትም፣ በሻጭም መክፈል እችላለሁ፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ ፈተናው ማንንም ሊጥል አይችልም። የት ላይ መክፈል እንዳለብኝ የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገዢው የገዛው ዕቃ ለእርሱ ምን ማለት እንደሆነ። ይህ ደግሞ በበሩ አስወጥቼዋለሁ ያልኩት አእምሮ በመስኮት ተመልሶ ሲገባ ነው።

ፈላስፎቹን ማንበብ የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሜ አንብቤያቸው ቢሆን ብዙ ወራት ይተርፉኝ ነበር። ሮደሪክ ቺዝሆልም እና ፒተር ጊች በ1957 ባወጧቸው መጻሕፍት፣ የሰውን እምነት ፍላጎቱን ሳያውቁ፣ ፍላጎቱንም እምነቱን ሳያውቁ ከድርጊቱ ማንበብ እንደማይቻል ተከራክረዋል። በደብተሬ ውስጥ ይህ ነገር ቁልጭ ብሎ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ለአንድ ሳምንት ዓሣ መግዛት አቆሙ፤ እኔ ፍላጎታቸው ተለወጠ ብዬ መዘገብሁ። ስጠይቃቸው ግን «ያደረ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው እንጂ ዓሣማ ነፍሴ ናት» አሉኝ። የተለወጠው ፍላጎታቸው ሳይሆን እምነታቸው ነው፤ ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም። ፍራንክ ራምሴ በ1926 በጻፈው ጽሑፍ፣ ሰዎች ከውርርዶች መካከል ሲመርጡ በማየት እምነትንና ፍላጎትን አንድ ላይ ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል። ሆኖም ተወራራጁ ውርርዱን እኔ በተረዳሁት መንገድ መረዳቱን አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ። በ1950ዎቹ ስታንፎርድ ውስጥ ከፓትሪክ ሱፕስ ጋር የውሳኔ ሙከራዎችን ያካሄደው ዶናልድ ዴቪድሰን ኋላ በፍልስፍናው አጥብቆ የያዘውም ይህንኑ ነው።

የተቃራኒው ወገን መከራከሪያ ደካማ አይደለም። ኢኮኖሚስቶቹ ፋሩክ ጉል እና ቮልፍጋንግ ፔሰንዶርፈር በ2008 ኢኮኖሚክስ ያለ አእምሮ መኖር እንደሚችል ጽፈዋል፤ የገበያውን ጠቅላላ ፍላጎት ለመተንበይ ብቻ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። የአሞራ ገደል ነጋዴ ዐቢይ ጾም ሲገባ ምን እንደሚፈለግ ያለ ምንም ፍልስፍና ያውቃል። ነገር ግን ከምርጫው ተነሥቼ «ይህ ቤት የሚሻለውን አገኘ» ለማለት ስሞክር ያ ዕውቀት አይበቃኝም።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርሁ፤ መጠየቅም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ አገኘሁት። «ለምን ገዙ?» ስል የማገኘው ለእንግዳ የሚሰጥ፣ የተስተካከለ ምክንያት ነበር። «ይህ ባይኖር ምን ይገዙ ነበር?» ስል ግን ሰዎቹ ቆም ብለው ያስባሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው በመልሳቸው ይገረማሉ። በደብተሩ ላይ «ምን ብለው ገዙት» የሚል አምድ ጨመርሁ፤ የቀደሙትን ወራት መረጃ ግን ወደ ኋላ ተመልሼ ልሞላው ስላልቻልሁ አብዛኛውን ጣልሁት።

በአዲሱ አምድ ከተጻፉት ሁሉ እስካሁን መደብ ያላገኘሁለት የእትዬ ነው፤ አጥባቂ ጿሚ ናቸው። ረቡዕ፣ አንድ ኪሎ ሥጋ። ምን ብለው ገዙት በሚለው ሥር «የማይጾም እንግዳ መጥቶብኝ፤ እኔ ጨውንም በግምት ነው ያደረግሁት» ብለው ጽፈዋል።