«መርሳቱ ባሰባቸው» የተባሉት እናት

የቤት ለቤት አስታማሚ ነርሷ የተጠራችው «የእማማ መርሳት ባሰ፤ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ማስታመም አልቻልንም» ተብላ ነው። እናትየው 81 ዓመታቸው ነው፤ የመርሳት በሽታ አለባቸው፤ ሦስት ልጆቻቸው በፈረቃ ይጠብቋቸዋል። እስከ ቅዳሜ ድረስ ልጆቻቸውን በስማቸው እየጠሩ፣ በራሳቸው እጅ እየበሉ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ልብሳቸውን ይጎትታሉ፣ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ነርሷን ያጠራጠራት ፍጥነቱ ነው። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰው በወራትና በዓመታት ነው። በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን የመጣ፣ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሻል ባስ የሚል መቃዠት ሐኪሞች ዲሊሪየም የሚሉት ነው። ከጀርባው ኢንፌክሽን፣ መድኃኒት፣ የውኃ እጥረት ወይም ሌላ ችግር ስለሚኖር በዚያው ቀን መታየት አለበት። ትኩረታቸውን ለመፈተን የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩላት ጠየቀቻቸው። «እሑድ…» ብለው ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጥያቄውን ረሱት።

ሙቀት፣ የደም ስኳር፣ ኦክስጅን ለካች፤ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ «ሽንት መቼ ሸኑ?» አለች።

«ማታ ወንድሜ ነበር ሲስተር፣ እሱ ያውቃል» አለች ሴት ልጃቸው። ወንድምየው በስልክ «ቀን እሷ ያየች መስሎኝ» አለ። ዳይፐሩ ትንሽ እርጥበት ብቻ ነበረው። ነርሷ ከእምብርት በታች በመዳፏ ስትጫን ክብና ጠንካራ ነገር ነካች፤ እማማ ፊታቸውን አጨማደዱ። ሆስፒታል ሲደርሱ በካቴተር (ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) 900 ሚሊ ሊትር ሽንት ወጣላቸው። ሰው ሽንቱ የሚመጣው ፊኛው ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ነው።

ነገሩ ሲጣራ ትልቅ ጥፋት የሠራ ሰው አልተገኘም። ታናሽየው ቅዳሜና እሑድ ማታ «እንቅልፍ እንዲወስዳቸው» ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የጉንፋን ክኒን ሰጥቷል። ውስጡ ዳይፈንሃይድራሚን አለ። ይህ መድኃኒት አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ያግዳል፤ እማማ ለመርሳቱ የሚወስዱት ዶኔፔዚል ደግሞ ያንኑ የሚያበዛ ነው። አንዱ የሚገነባውን ሌላው ሲያፈርስ ከረመ። በዚያ ላይ የጉንፋኑ ክኒን ፊኛን ያሰንፋል፣ ሆድ ያደርቃል። ታላቅየው አልጋ እንዳይረጥብ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ነገር ቀንሷል። ሆዳቸውም ከደረቀ አምስት ቀኑ ነበር፤ የደረቀ ሰገራ የሽንት መውጫን እንደሚጫን ግን ማንም አላሰበም። ሦስቱም የየራሳቸውን ቁራጭ ያውቃሉ፤ ሙሉውን የሚያውቅ አልነበረም።

ለዚህ ነርሷ ያዘዘችው አንድ ደብተር ነው፤ በር አጠገብ የሚቀመጥ። ፈረቃ የሚለቅ ሰው ሰዓቱን፣ የተጠጣውን በሚሊ ሊትር፣ ሽንትና ሰገራን፣ የተሰጠውን ክኒን ሁሉ ይጽፋል። «ሁሉ» ሲባል የጉንፋኑንም፣ የባህል መድኃኒቱንም፣ ጎረቤት ያመጣውንም ነው፤ ብዙ ቤተሰብ መድኃኒት የሚለው ሐኪም ያዘዘውን ብቻ ስለሆነ ይህ መስመር ነው ሁልጊዜ ባዶ የሚቀረው። «ደህና ናቸው» ብሎ መጻፍ ተከልክሏል፤ ምንም አይናገርም። ስምንት ሰዓት ያህል ካልሸኑ ወይም ሦስት ቀን ሰገራ ከሌለ ለነርሷ ይደወላል። የሚጠጣ ነገር በቀን 1.5 ሊትር ገደማ፣ አብዛኛው ከማታ በፊት፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለታል። አዲስ ክኒን ከመጀመሩ በፊት የሚወስዱት ሁሉ ለፋርማሲስት ይታያል፤ ስሙን ከመናገር ማሸጊያውን ይዞ መሄድ ይሻላል፣ አንድ መድኃኒት በሁለት ስም ሲሸጥ የተለመደ ነውና።

ሌላም ነገር ተገኘ፤ የመስሚያ መሣሪያቸው ባትሪ አልቆ መሳቢያ ውስጥ ተጥሏል። ሲቃዡ የማይሰሙትን ሰው በጩኸት ማረም ፍርሃታቸውን ያባብሳል። መነጽርና መስሚያ ማድረግ፣ ቀን መጋረጃ መክፈት፣ ሌሊት ደብዛዛ መብራት መተው፣ ከፊት ለፊት ቆሞ በአጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ይጠቅማል። እጅ ማሰር ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ክኒኑ ቆሞ ሆዳቸው ከተስተካከለ በኋላ ካቴተሩ ወጣ። መቃዠቱ ወዲያው አልጠፋም፤ ቤተሰቡ በሦስተኛው ቀን ተስፋ ሊቆርጥ ነበር። ዲሊሪየም ምክንያቱ ከተወገደ በኋላም ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንዴ የያዘው ሰው ዳግም የመያዝ ዕድሉም ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ወደፊት ለሕክምና ወይም ለቀዶ ጥገና ሲተኙ ቤተሰቡ ይህን ገና በመግቢያው ለሐኪሙ መናገር አለበት።