ጥቁሩን መስኮት ቶሎ አትዝጉት

ፕሮግራሚንግ የጀመርኩት ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የኮድ መጻፊያ ነው። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው፣ አብሮት ስለሚጫን ፓዝ የሚባል ነገር (ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) መኖሩንም አላውቅም ነበር። ከዚያ ቪኤስ ኮድ የሚባል ሌላ የኮድ መጻፊያ አማረኝ፤ እሱ ግን ኮምፓይለር ይዞ አይመጣም።

ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር የያዘውን ሚንጂደብሊውን አወረድኩ፣ ሲ ድራይቭ ላይ አስቀመጥኩት፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ከፍቼ «ጂሲሲ» ብዬ ጻፍኩ። አላውቀውም አለኝ። ዊንዶውስ ካለንበት ፎልደርና ፓዝ ላይ ከተዘረዘሩት ውጪ ዞር ብሎ አያይም። ኮምፓይለሩ ያለበትን የ«ቢን» ፎልደር አድራሻ ፓዝ ላይ መጨመር ብቻ ነበር የቀረኝ።

ጉዱ የመጣው እዚህ ጋ ነው። አንድ ቪዲዮ ላይ ሰውዬው «በማውስ ምን አደከማችሁ» ብሎ ሴትኤክስ የሚባል ትእዛዝ አሳየ። የድሮውን ፓዝ ይጠራና አዲሱን ከኋላው ይቀጥልበታል። ስላሽ ኤም ከተጨመረ ደግሞ የሲስተሙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚነካውን ፓዝ ነው የሚጽፈው። እኔም አድሚኒስትሬተር ሆኜ እንዳለ ገለበጥኩት።

ሁለት መስመር መጣ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዳታው 1024 ፊደል ላይ ተቆርጧል ይላል። ሁለተኛው «ተሳክቷል» ይላል። እኔ ያነበብኩት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል። ግማሹን ቆርጦ ጥሎ ተሳክቷል ይባላል?

ላፕቶፑ የእህቴ ነው። ጃቫ፣ ጊት፣ ፓይተን፣ ለሥራዋ የጫነችው ሁሉ ፓዙን አርዝሞታል። ሲቆረጥ ፓይተን «ፓይ» ላይ ቀረ። የኔ ሚንጂደብሊው ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለነበር ጭራሽ አልገባም። የሰው አፍርሼ የራሴንም አልሠራሁ።

ቪዲዮው «አሁን መስኮቱን ዘግታችሁ ክፈቱ» ይላል። ያየሁት መመሪያ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። ዘጋሁት። ምነው እጄን በሰበረው! ኮማንድ ፕሮምፕት ሲከፈት የፓዙን ቅጂ ይይዛል፤ ሴትኤክስ የሚነካው ከዚያ በኋላ የሚከፈቱትን ነው። አሮጌው መስኮት ውስጥ ሙሉው ፓዝ ቁጭ ብሎ ነበር። «ኤኮ» በሚባለው ትእዛዝ አሳይቼ ኮፒ ባደርገው ያልቅ ነበር። ይህን ያነበብኩት ማታ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ጠዋት የእህቴ ስክሪፕት እምቢ አለ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካክተህብኝ ነው?» ቅዳሜዬን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ፎልደር እየፈለግኩ መልሼ ጻፍኩ። አሁን ሙሉው ፓዝ ዴስክቶፗ ላይ በኖትፓድ ተቀምጧል። «እንዳትነካ» የሚለውን የፋይል ስም ያወጣችው እሷ ናት።

ስለዚህ መመሪያው ዝጉ ቢልም አትዝጉ። ሌላ መስኮት ክፈቱና እዚያ ሞክሩ፤ አሮጌውን የምትዘጉት ሁሉም ነገር መሥራቱን ስታዩ ነው። ሴትኤክስን ለፓዝ ጨርሶ አትጠቀሙ። በማውስ የሚከፈተው የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልስ ገጽ ቢያሰለችም እያንዳንዱን አድራሻ ለየብቻው ያሳያል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በኋላ አንድ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት፣ ኮዳችን ውስጥ የምንጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) አውርጄ ጂሲሲ «ሄደሩ የለም» ሲለኝ፣ ማለትም ላይብረሪው ውስጥ ያለውን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቀውን ፋይል ሲያጣው፣ የሄደሩን ፎልደር ፓዝ ላይ ጨመርኩት። ሁለት ቀን ለፋሁ። ፓዝ ኮምፓይለሩን ለማግኘት ነው፤ ኮምፓይለሩ ሄደር የሚፈልግበት የራሱ ዝርዝር አለው። ፎልደሩ የሚነገረው በሰረዝና በትልቁ አይ ነው፤ የላይብረሪው በትልቁ ኤል። ኮምፓይል ስታደርጉ ሰረዝ ቪ ጨምሩበት፤ ሄደር የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በተራ ይዘረዝርላችኋል። የእናንተ እዚያ ውስጥ ከሌለ ፓዙን ተዉት።