ለበገና ብዬ የሰራሁት የሄድፎን አምፕ

አጎቴ ደምበጫ ነው የሚኖሩት፣ በገና ይደረድራሉ። ባለፈው ሁዳዴ ሄጄ ቀዳኋቸውና ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ኤዲት ላረግ ስቀመጥ ድምፁ ደከመብኝ። ሄድፎኔ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ነው፣ ባለ 250 ኦሙ (ኦም ማለት ሄድፎኑ ከረንትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው)፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ያመጣችልኝ። ስልኩን እስከ መጨረሻ ከፍቼው እንኳ ወፍራሞቹ አውታሮች ከጎረቤት ቤት የሚመጡ ነው የሚመስሉት። ጓደኞቼ "ኦሙ ትልቅ ስለሆነ ሀይለኛ አምፕ፣ ማለት ድምፅ ማጉያ፣ ይፈልጋል" አሉኝ፣ እኔም ሀይል የምትለዋን ቃል ይዤ ስንት ቀን ባከንኩ።

ለካ የጎደለው ቮልት ነው። 1 ሚሊዋት እንዲያገኝ ባለ 32 ኦም ኤርፎን 0.18 ቮልት ይበቃዋል፣ የኔ ግን 0.5 ቮልት ይፈልጋል። ከረንት ላይ ደሞ ይገለበጣል፣ የኔ 2 ሚሊአምፒር ብቻ ሲስብ ያኛው 5.6 ይስባል። ከስልኬ ባለ 50 ኸርዝ ድምፅ ለቅቄ፣ ሄድፎኑ እንደተሰካ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አርጌ ለካሁት፣ ቢበዛ 0.45 ቮልት ነው የሚያወጣው። ይሄ ለአሁን ዘፈን ይበቃል ምክንያቱም ዘፈኑ ሲሰራ ሁሉም ነገር ወደ ላይ ተገፍቶ ነው የሚያልቀው፣ በገና ግን ጣት አውታሩን ሲነካ ሹል ብሎ ይነሳና ወዲያው ይወርዳል፣ እኔም ጫፉ እንዳይቆረጥ ብዬ ዝቅ አርጌ ስለቀዳሁት አብዛኛው ነገር ከስር ነው ያለው።

ታዲያ ለምን እንዲህ አርገው ይሰሩታል? ኦሙ የሚበዛው የድምፅ መጠምጠሚያው ሽቦ በጣም ቀጭን ሆኖ ብዙ ዙር ስለሚዞር ነው፣ የስቱዲዮ እቃ ደሞ ቮልት አያንሰውም፣ ብዙ ሄድፎን አንድ መስመር ላይ ቢሰካም ጫናው ቀላል ነው። ያው ዲቲ 770 ፕሮ በ32ም በ80ም ኦም ይሸጣል፣ ስለዚ ኦም የጥራት ማዕረግ አይደለም። ትንንሾቹ የጆሮ ውስጥ ኤርፎኖች ላይ ደሞ ሌላ ብልሃት አለ፣ የኢቲሞቲክ ኢአር 4ፒ 27 ኦም ነው፣ 75 ኦም ሬዚስተር በተርታ ሲጨመርበት ኦሙ ትልቅ እንደሆነው ወንድሙ እንደ ኢአር 4ኤስ ይሆናል። ድምፁ ይቀንሳል፣ ከአምፑ የሚመጣው ሽሽሽ የሚል ድምፅም አብሮ ይቀንሳል።

የሰራሁት ሲሞይ የሚባለውን ነው፣ ቹ ሞይ ያወጣው ዲዛይን፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪና አንድ ባለ ሁለት ኦፕአምፕ አይሲ (ሁለት ማጉያ ውስጡ ያለው ቺፕ)። ዲዛይኑ ላይ ያለው ኦፒኤ2134 ነው፣ እሱ ስላልተገኘ ከተበላሸ ሚክሰር ላይ ኤንኢ5532 ነቀልኩ፣ እግሩ አንድ አይነት ነው ብዬ ዝም ብዬ ቀየርኩት። ደግነቱ ሄድፎኑን ከመሰካቴ በፊት መውጫውን በዲሲ ለካሁ፣ ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው 214 ሚሊቮልት! ሁለት ሌሊት ስታኞውን ስፈትሽ አደርኩ፣ ምንም የለም። ጥፋቱ የኔ ምርጫ ነበር፣ 5532 መግቢያው ላይ ወደ 200 ናኖአምፒር ይስባል፣ ያ ከረንት በ100 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲያልፍ 20 ሚሊቮልት ይሆናል፣ አምፑ ደሞ 11 እጥፍ ያበዛዋል። ኦፒኤ2134 መግቢያው ፌት፣ ማለት ከረንት የማይስብ በሚባል ደረጃ ያለ ትራንዚስተር፣ ስለሆነ ይሄ ችግር የለበትም። ሬዚስተሩን ወደ 10 ኪሎኦም አወረድኩ፣ ቤዝ እንዳይቆረጥ የመግቢያውን ኮንደንሰር ከ0.1 ወደ 1 ማይክሮፋራድ አሳደግኩ፣ በፊትም አሁንም ማቋረጫው (ከሱ በታች ያለው ድምፅ የሚደክምበት) 16 ኸርዝ አካባቢ ነው።

ቀጥሎ 11 እጥፉ ራሱ። 0.45 በ11 ወደ 5 ቮልት ነው፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ግን ለሁለት ተከፍሎ አይሲው የሚበላው ሲቀነስ ንፁህ ሆኖ የሚወጣው ወደ 2 ቮልት ነው። ቮልዩሙን ከግማሽ በላይ ሳዞረው የሚሻክረው ለዚ ነበር። እጥፉን የሚወስነውን ሌላውን ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር በ3.3 ቀየርኩት፣ 4.3 እጥፍ ሆነ፣ መውጫው 1.9 ቮልት ገደማ፣ ዲሲውም ከ10 ሚሊቮልት በታች ወረደ። እኔ አሁን ብጀምር ካውያ ከማሞቄ በፊት ሄድፎኑ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ነው የማሰላው።

መጀመሪያ የሳሙና ማስቀመጫ ፕላስቲክ ውስጥ ነበር ያስገባሁት፣ ስልክ ሲጠራ ትርርር ይልብኛል። የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ውስጡን ፕላስተር ለጥፌ፣ ሳዛውረው ጠፋ። ተጠንቀቁ፣ ቆርቆሮው የጃኩን መሬት (ግራውንድ) ነው የሚነካው፣ እሱ ደሞ የባትሪው አጋማሽ ስለሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ከነካው የባትሪው ግማሽ ሾርት ይሆናል።

ለፍልሰታ ይዤው ደምበጫ ሄድኩ። አጎቴ ሄድፎኑን ከነጠላቸው ስር አርገው ብዙ ዝም አሉ፣ ከዛ "እንዝራው አሁን ይነዝራል፣ ባለፈው ያሰማኸኝ የሌላ ሰው በገና ነበር የሚመስለው፣ ግን ይቺ አውታር ወርዳለች፣ እንዴት ዝም አልከኝ ልጄ?" አሉኝ። እንዝራ ማለት አውታሩ ስር ገብቶ የሚያስነዝረው ቁራጭ ቆዳ ነው። "ጋሼ፣ ያኔ እኔም አልሰማኋትም" አልኳቸው። በገናውን ቃኙና እንደገና ቀዳን።

አሁን ወንድሜ ለሱም እንድሰራለት ይፈልጋል፣ የሱ ባለ 32 ኦም ነው፣ ይሄኛው አይሆነውም፣ ለሱ ከረንት ነው የሚያስፈልገው፣ 5532 ደሞ እዛ ላይ ቶሎ ይደክማል። እስከ 70 ሚሊአምፒር የሚሰጥ ኤንጄኤም4556 እያፈላለግኩ ነው፣ እሱን እስካገኝ ከስልኩ ይስማ ብዬዋለሁ።