ለብሉቤሪ አመድ የነሰነሰው የድሬ ልጅ

ባለፈው የገና ሰሞን ከአሪዞና ወደ ድሬዳዋ ለዕረፍት ሄጄ፣ ከዚራ በሚገኘው የእናቴ ግቢ ከአብሮ አደጎቼ ጋር በርጫ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዱ የስልኬን ፎቶዎች ሲያገላብጥ ከወገቤ የማታልፍ፣ ሰማያዊ ፍሬ ያንዠረገገች የብሉቤሪ ተክል አየ። «አቦ፣ ቅርንጫፏን ቆርጠህ በካልሲ ጠቅልለህ ብታመጣልን ኖሮ ይሄኔ ለሆቴሎች እየሸጥን ነበር» አለኝ። ሌላው ደግሞ ማንጎና ፓፓያ ያበቀለ የድሬ ፀሐይ ለዚህች ያንሳል ወይ ብሎ ሞገተኝ። እኔም ስቄ ዝም አልሁ፤ ከእርሷ በፊት የተከልኋት ብሉቤሪ ያስከተለችብኝን ውርደት ግን አልነገርኋቸውም።

ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በእጽዋት ሳይንስ ተመርቄ ወደ ፊኒክስ ስሄድ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ በአንድ ችግኝ መሸጫ የአፈር ከረጢት መሸከም ነበር። ከዚያው አንዲት ብሉቤሪ ገዝቼ በጓሮዬ አፈር ተከልኋት። ብዙም ሳይቆይ የቅጠሏ ደም ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ቢጫ ሆነ፤ እኔም እናቴ ለጎመኗ እንደምታደርገው አመድ ነሰነስሁላት። ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ናቸው፤ እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው፣ አንቱ ማለት ለማይሆንልን ለድሬ ልጆች የተፈጠረ ቋንቋ ነው። እኒህ ሴት በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው ምን እንደሰጠኋት ሲጠይቁኝ፣ አመዱን ብቻ ሳይሆን ዲግሪዬንም ጨምሬ ነገርኋቸው። አልሳቁም። ቤታቸው ገብተው መመርመሪያ ወረቀት፣ የተጣራ ውሃና አንድ የቡና ስኒ ይዘው ተመለሱ፤ አፈሬን በስኒው በጥብጠው ወረቀቱን ነከሩና የወጣውን ቀለም ከሠንጠረዡ ጋር አስተያዩ። ፒኤቹ፣ ማለትም ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነት መብዛቱን የሚያሳየው ልኬት፣ 8 ነበር። ብሉቤሪ የምትፈልገው ከ4.5 እስከ 5.5 እንደሆነ፣ አመዱም እንደ ኖራ ሆኖ ነገሩን እንዳባሰው በትሕትና አስረዱኝና፣ የተማርሁበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ፊደል በፊደል እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ሊጽፉት እርሳስ ይዘው ነበር። በዚያች ሰዓት ትምህርት ቤቴን የካድሁት ሰው እኔ ነኝ፤ ስልክ እየተደወለልኝ ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ።

የሚያንገበግበኝ ነገሩን ማወቄ ነው። ፒኤች በ1 ቁጥር ሲለዋወጥ አሲድነቱ በ10 እጥፍ እንደሚለወጥ በፈተና መልሻለሁ፤ ከ5 እስከ 8 ያለው ርቀት 1,000 እጥፍ መሆኑ ነው። ኖራ በበዛበት አፈር ብረት ቢኖር እንኳ ተቆልፎበት ስለሚቀር፣ የብሉቤሪ ቀጭንና ፀጉር አልባ ሥር ሊስበው አይችልም፤ የቅጠሉ ቢጫነትም የዚያ ረሃብ ነው።

ሁለተኛዋን፣ ሰንሻይን ብሉ የምትባለውን አጭር ዝርያ፣ በግማሽ በርሜል ውስጥ ፒት ሞስ በሚባል አሲዳማ የረግረግ ብስባሽና በጥድ ቅርፊት ተከልኋት። ይህች ዝርያ ብቻዋን ታፈራለች፤ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜም 150 ሰዓት ያህል ቢደርሳት ይበቃታል። ከሰዓት በኋላ ጥላ፣ ዘወትርም አሲድ ጠብ ያለበት ውሃ ትፈልጋለች። እዚህም ላይ የሐረርጌ ልጅነቴ ጉድ ሠራኝ፤ አሲድ ነው ብዬ የቡና አተላ ዓመት ሙሉ ደፋሁባት። ለካ አሲዱ ወደ ስኒው ስለሚወርድ የተፈላ ቡና አተላ ገለልተኛ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ አሲዱን የጠጣሁት እኔው ነበርሁ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የድሬን ማንቆርቆሪያ ታች ተመልከቱ። ያ የተጋገረ ነጭ ነገር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካችን የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው፤ በዚያ ውሃ ካጠጣችኋት በበርሜልም ብትሆን ቀስ በቀስ ትቢጫለች። ብርዱ እንኳ መላ አይታጣለትም፤ በፔሩ ቅጠሏን ሳታራግፍ ያለ ብርድ እንቅልፍ ታፈራለች፤ ሐረር ደግሞ ከድሬ ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል። ለአገራችንም ፍጹም ባዕድ አይደለችም፤ የባሌና የሰሜን ተራሮች አስታም የቤተሰቧ አባል ነው። የካልሲውን ነገር ግን ተዉት፤ ችግኝ ያለ ማስገቢያ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው፤ ከነበሽታው የሚመጣ ተባይም ለጎረቤት ቡና ይተርፋል።

ፍሬ ለቀማ ቀላል ነው ብላችሁ ለመሰደድ የምታስቡም አላችሁ። በየእርሻው የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ በለቀማችሁት ልክ ነው፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ጣፋጭነቱ ስለማይጨምር የበሰለውን ካልበሰለው አንድ በአንድ መለየት ግድ ነው፤ በርጫ ላይ እንደ መቀመጥም አይደለም። ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ነገር ግን ለጎረቤት ከመንገራችሁ በፊት አፈሩን ለኩ።

ስመለስ ለዚያ የካልሲውን ነገር ላነሳው ጓደኛዬ አንድ ፓኮ መመርመሪያ ወረቀት ትቼለት ነበር። ትናንት ማታ ደወለና፣ «የከዚራ ቧንቧ 8 ሆነ፣ ሐረር ቢራ ግን 4.5 አካባቢ ነው፤ እንግዲህ ይህቺ ዛፍህ የምትጠጣው ቢራ ነው ማለት ነው?» አለኝ።