ከኳሱ አንድ ያርድ ርቆ፦ የገና መልእክት

ወዳጆቼ፣ ለብርሃነ ልደቱ እንኳን በሰላም አደረሳችሁ።

ገና ድሮም የጨዋታ በዓል ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ በእሩር ሰበብ ስንት ቅልጥም በዱላ እንደተመታ አባቶቻችን ነግረውናል። ስለዚህ ዘንድሮ ከዶሮው በፊት የአንድ ተጫዋች ወሬ ባስቀድም አትቀየሙኝ። ካሜሮን ዌክ ይባላል፤ በካናዳ ፉትቦል፣ ማለትም ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ በሚካሄደው ጨዋታ፣ የመከላከያ መስመር ተጫዋች ነበር።

ያደገው ብዙ ዘመዶቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ነው። በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ስሙን የጠራ አልነበረም። ኒውዮርክ ጃይንትስ አስፈረመው፤ ብዙም ሳይቆይ አሰናበተው። ከዚያ የቤት ብድር አገናኝ ሆኖ ሠራ፤ ሁለት የውድድር ዘመንም ያለ ኳስ አለፈ። በዓል በመጣ ቁጥር «ለመሆኑ አሁን ምን እየሠራህ ነው?» የሚል አጎት ያለው ሰው የእነዚያን ዓመታት ርዝመት ያውቀዋል።

በ2007 ወደ ካናዳ መጥቶ፣ ቫንኩቨር ገብቶ ለከተማዋ ቡድን ለቢሲ ላየንስ ተሰለፈ።

የካናዳው ጨዋታ ከአሜሪካው ይለያል። ሜዳው 110 ያርድ ነው፤ በአንድ ወገን 12 ሰው ይሰለፋል፤ አሥር ያርድ ለመግፋት የሚሰጠው ዕድል አራት ሳይሆን ሦስት ነው። እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ግን ሌላ ደንብ ነው፦ የመከላከያ መስመሩ ከኳሱ አንድ ሙሉ ያርድ ርቆ መቆም አለበት። በአሜሪካ ሁለቱ መስመሮች ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም አይቀራቸውም። እዚህ ካናዳ ግን ተከላካዩ ጣቶቹን ሣሩ ላይ ተክሎ፣ ወገቡን ከፍ አድርጎ፣ ዐይኑን ከኳሷ ሳይነቅል ይጠብቃል። ኳሷ ስትነቃነቅ ያቺን ያርድ መንደርደሪያ ያደርጋታል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ግዙፍ ሰው እግሩን ሳያስተካክል በትከሻው ሥር ሾልኮ ያልፋል። ኳሱን የሚወረውረውን መሪ ተጫዋች፣ ኳርተርባኩን፣ ሳይወረውር ከጣለው ሳክ ይባላል። ዌክ በመጀመሪያው ዓመት 16 ሳክ አስመዘገበ፤ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ምርጥ ተከላካይም ተባለ። በ2008 ሳኩን 23 አድርሶ የምርጥ ተከላካይነቱን ሽልማት ደገመው።

በ2009 ማያሚ ዶልፊንስ ወሰደው። በዚያው በአሜሪካ ሊግ አምስት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፤ ሳኩም ከመቶ አለፈ። በ2015 የተረከዙ ጅማት ሲበጠስ 33 ዓመቱ ነበር፤ «አበቃለት» የተባለው ሰው በቀጣዩ ዓመት 11 ሳክ ተኩል ይዞ መጣ። ተኩሉ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ሁለት ሰዎች አብረው ከጣሉ እኩል ይካፈላሉ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ቫንኩቨር የምትነሳው እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ነው። ይህ አይዋጥልኝም። በዚያች ከተማ የተጫወተው ኳስ ማያሚ ባይጠራውም ኖሮ ሙሉ ነበር። ተከላካዩን ግሮቨር ኮቪንግተንን ተመልከቱ፤ ዘመኑን በካናዳዋ ከተማ በሃሚልተን አሳልፎ፣ በ1986 ከቡድኑ ጋር የሊጉን ሻምፒዮናነት የሚያስገኘውን የግሬይ ካፕን ዋንጫ አንስቶ፣ የካናዳ ሊግ ክብረ ወሰን የሆነውን 157 ሳክ አስመዝግቦ ጫማውን ሰቀለ። የአሜሪካን ሊግ ስላልረገጠ ጎደለበት የሚል ካለ፣ ሃሚልተን ሄዶ ይንገራቸው!

ካናዳ ያለን ሰዎች ግን ይህን ከዘመድ እንሰማለን። ዛሬም ስልኩ ሲጮህ ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ቀጥሎ «አሜሪካ መቼ ልትሻገሩ ነው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እኛ እዚህ ደርሰናል፤ ቤት ሠርተናል፤ ልጆቻችን በረዶውን ለምደውታል። በርቱ በሉን እንጂ አታሻግሩን።

ገና እዚህ አገር የሥራ ቀን ነውና፣ ዛሬ ፈረቃ ላይ ለምትውሉ ቡናው እስከ ማታ ይቆያል። የጾሙ መፍቻ የተሳካ፣ በዓሉም የደስታ ይሁንላችሁ።